የቁልፍ ክብደትና የጣት ሥልጠና፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ የሚስማማ ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ፒያኖ አመራረጥ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ፒያኖ የተማረ ወጣት ትምህርቱን አጠናቆ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ቀየት ወይም ወደ ዓለም ከተማ በመምህርነት ቢመደብ፣ ከደመወዝና ከቤት ኪራይ ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለዓመታት ያሠለጠናቸውን ጣቶቹን በምን መሣሪያ ያቆያቸዋል? በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ስላለ ሙዚቃ የሚያስተምር ሰው በገጠር ወረዳዎችም ይፈለጋል። ጥያቄው ስለዚህ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ እርሱ የሚያስተምራቸውን ልጆችም ይመለከታል።

የተለመደው ባለ ክር ፒያኖ ለዚህ ሁኔታ መልስ ሊሆን አይችልም። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይነት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 200 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በውስጡ ከ200 የሚበልጡ የብረት ክሮች አሉ፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ይሆናል። ይህን ውጥረት የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ ቢሆንም ድምፁን የሚያጎላው ግን ሰፊ የእንጨት ገበታ ነው፤ እንጨት ደግሞ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ድርቀት ይሸበሸባል። በዚህ ምክንያት ፒያኖ በየጊዜው ቃኚ ይፈልጋል። ቃኚ በቅርብ በሌለበት ደጋ የተቀመጠ ፒያኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቅኝቱን ይስታል።

ቀሪው አማራጭ በአንድ ወይም በሁለት ሰው የሚነሣ ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ፒያኖ ነው። ገበያው ግን ገዥን በቀላሉ ያሳስታል። ማስታወቂያው የሚቆጥረው የድምፅ ዓይነቶችን፣ የምት ማጀቢያዎችንና መብራቶችን ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፦ ፒያኖ ለሚለማመድ ሰው መመዘን ያለበት ቀዳሚው ነገር ሙዚቀኞች «ኪይ» የሚሉት ቁልፍ የሚነካበትና የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ድምፅን በኋላ በስልክ፣ በኮምፒውተር ወይም በተሻለ ስፒከር ማሻሻል ይቻላል፤ ቁልፉን ግን ከገዙ በኋላ መለወጥ አይቻልም።

ሁለት የቁልፍ ባህሎች

በአገራችን የቁልፍ መሣሪያ ታሪክ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ሄደዋል። ምርጫው ከየትኛው መንገድ ጋር እንደሚስማማ ለማወቅ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የመዶሻ ፒያኖ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። በኋላም በወሎ ግሸን ማርያም ገዳም ለዓመታት በምናኔ ኖረዋል፤ የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውም በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ተቀርጿል። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ በኢየሩሳሌም ኖረዋል። አጨዋወታቸውን የሚለየው በዋናው ድምፅ ዙሪያ የሚሽከረከሩት ፈጣንና ቀላል ጌጦች፣ እንደ ንግግር የሚዘገይና የሚፈጥነው ጊዜ፣ እንዲሁም ከሹክሹክታ እስከ ጉልህ ድምፅ የሚዘልቀው የጣት ልዩነት ነው። ግርማ ይፍራሸዋም ከክራር ተነሥቶ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ ሶፍያ ፒያኖ አጥንቶ የአገራችንን ቅኝቶች ለብቸኛ ፒያኖ የደረሰ ባለሙያ ነው። የሁለቱም ጥበብ የቆመው የጣት ጉልበት ወደ ድምፅ ልዩነት በሚለወጥበት ሥርዓት ላይ ነው።

ሁለተኛው የቀላል ቁልፍ መንገድ ነው፤ አኮርዲዮን፣ ኦርጋን፣ ሲንተሳይዘርና ኪቦርድ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ነው። በአኮርዲዮን የጀመረው ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ውስጥ በኦርጋን ታወቀ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ በኖረባቸው ዓመታት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እያስቀመጠ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ይለማመድ ነበር። ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የአንድን ባለሙያ እጅ ለዓመታት ሊያቆይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነገር ግን የኃይሉ ኪቦርድ ያቆየው የኦርጋንና የአኮርዲዮን እጅ እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል። በኦርጋን ላይ ቁልፉ በርትቶ ተነካም ቀስ ብሎ ተነካ የድምፁ መጠን አይለወጥም፤ ልዩነቱ የሚገኘው ከጊዜ አያያዝ፣ ከድምፅ ርዝመትና ከድምፅ ምርጫ ነው። ስለዚህ ቀላል ቁልፍ የራሱ ክብር ያለው ጥበብ መሣሪያ እንጂ የፒያኖ ርካሽ ምትክ አይደለም። ችግር የሚፈጠረው በፒያኖ ሊፈተን ወይም ፒያኖ ሊያስተምር የተዘጋጀ ሰው በቀላል ቁልፍ ብቻ ሲለማመድ ነው። ጣቱ መዶሻ መወርወርን ይረሳል፤ ወደ እውነተኛው ፒያኖ በተመለሰ ጊዜም ለስላሳ ክፍሎች ላይ አንዳንድ ድምፆች ሳይሰሙ ይቀራሉ፣ ጠንካራ ክፍሎች ላይ ደግሞ ክንዱ ቶሎ ይደክማል።

መዶሻው እንዴት ይሠራል?

አንድ ዲጂታል ፒያኖ ምን ያህል ፒያኖን እንደሚመስል ለመፍረድ የሚመሰለው ነገር መታወቅ አለበት። ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ በ1700 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፍሎረንስ የሠራው መሣሪያ ከቀደሙት የቁልፍ መሣሪያዎች የተለየው ክሩ በመዶሻ እንዲመታ በማድረጉና መዶሻው ክሩን ከመምታቱ በፊት ከቁልፉ እንዲላቀቅ በማድረጉ ነው። መዶሻው ባይላቀቅ ኖሮ ክሩ ላይ ተጭኖ ድምፁን ባፈነው ነበር።

ዛሬ በምናውቀው ፒያኖ ቁልፉ ፊት ለፊቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህች አጭር ጉዞ ውስጥ መዶሻው ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ርቀት ይጓዛል፤ ክሩ ጋ ለመድረስ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረውም ከቁልፉ ተላቅቆ በራሱ ፍጥነት ይወረወራል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ተጫዋቹ በድምፁ ጉልህነት ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። የድምፁን መጠን የሚወስነው መዶሻው ሲላቀቅ የነበረው ፍጥነት ነው። የፒያኖ ልምምድ በአመዛኙ ይህን ፍጥነት በጣት መቆጣጠርን መማር ነው።

ቁልፉን ቀስ ብሎ ለማውረድ የሚያስፈልገው ክብደት በመካከለኛው ክፍል 50 ግራም አካባቢ ሲሆን፣ መዶሻዎቹ በግራ በኩል ተለቅ ስለሚሉ ወፍራሞቹ ድምፆች ከበድ፣ ቀጫጭኖቹ ቀለል ይላሉ። ሌላው ዋና ነገር ድግግሞሽ ነው። ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ኤራር በ1821 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ሥርዓት ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ መዶሻውን ደግሞ ለመወርወር ያስቻለ ነው። አንድን ድምፅ በፍጥነት መደጋገምና በትዝታ ዜማ ውስጥ የሚያስፈልጉትን ፈጣን ጌጦች መጫወት በዚህ ይቀላል።

ዲጂታሉ ይህን እንዴት ይመስላል?

በዲጂታል ፒያኖ ውስጥ ክር የለም። ጥሩ በሆነው ዓይነት ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር የተያያዘ ትንሽ የክብደት ክንድ አለ፤ አምራቾች ይህን «መዶሻ» ይሉታል። ቁልፉ ሲወርድ ክንዱ ይነሣል፣ ጣት ሲለቅ በራሱ ክብደት ወርዶ ቁልፉን ይመልሰዋል። ርካሽ በሆነው ኪቦርድ ግን ቁልፉን የሚመልሰው ሞላ ነው። ልዩነቱን ጣት ያውቀዋል፦ ሞላ እየተጫነ በሄደ ቁጥር ይጠነክራል፤ የክብደት ክንድ ግን መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ይቀላል። የመወርወር ስሜት የሚገኘው ከሁለተኛው ብቻ ነው። «በከፊል ክብደት ያለው» እየተባሉ የሚሸጡት ኪቦርዶች ሞላቸው ትንሽ የጠነከረ እንጂ መዶሻ የላቸውም።

ከቁልፉ ሥር ሴንሰሮች አሉ። ሁለት ሴንሰር ካለ መሣሪያው ቁልፉ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ይለካና ፍጥነቱን ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይመዘግባል። ይህ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት መለኪያ ነው። በሁለት ሴንሰር ቁልፉ ደግሞ እንዲሰማ ከሞላ ጎደል ወደ ላይ መመለስ አለበት። ሦስተኛ ሴንሰር ሲጨመር ቁልፉ በመካከል ላይ እያለ እንደገና ቢጫን መሣሪያው ያውቀዋል፤ የኤራርን ሥርዓት የሚተካው ይህ ነው። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች በቁልፉ ጉዞ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀስታ ሲጫኑ ብቻ የምትሰማ ትንሽ መሰናክል አላቸው፤ ይህችም የመዶሻውን መላቀቅ ታስመስላለች።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። ሁሉም መሣሪያዎች ማለት ይቻላል «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» የሚል የንክኪ ምርጫ አላቸው። ይህ ምርጫ የቁልፉን ክብደት በምንም መልክ አይለውጥም፤ የሚለውጠው አንድ ፍጥነት ምን ያህል ጉልህ ድምፅ እንደሚያወጣ ብቻ ነው። ቀላል ቁልፍ ያለው ኪቦርድ «ከባድ» በሚለው ቢስተካከልም ቁልፉ ያው ቀላል ነው።

ቅኝትና የተሰወረው የቁልፍ ርዝመት

በዓይን የማይታይ፣ ለአገራችን ሙዚቃ ግን ትልቅ ትርጉም ያለው ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱም ቁልፉ የሚወዛወዝበት ነጥብ ከፊቱ ጫፍ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ለዓይን የሚታየው የነጭ ቁልፍ ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም እውነተኛው ማንሻ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። በትልቁ ፒያኖ ይህ ርቀት ረጅም ነው፤ በተንቀሳቃሹ ዲጂታል ግን ሣጥኑ ጠባብ እንዲሆን ሲባል ያጥራል።

ውጤቱን በቀላል የማንሻ ስሌት ማሳየት ይቻላል። መወዛወዣው ከፊት ጫፍ 24 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ አንድ ቁልፍና 18 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ሌላ ቁልፍ እንውሰድ፤ ሁለቱም ጫፋቸው ላይ በ50 ግራም ይወርዳሉ እንበል። ጣት ከጫፉ 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ሲጫን የመጀመሪያው 80 ግራም፣ ሁለተኛው 100 ግራም ይጠይቃል። የቁልፉ አወራረድም በዚያው ልክ ያጥራል። ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት የመሰሉ ሁለት መሣሪያዎች ውስጥ ሲገባባቸው ይለያያሉ ማለት ነው።

ይህ ለቅኝቶቻችን ለምን ይጠቅማል? የአምባሰልን ቅኝት ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ናቸው። አምስቱን ድምፆች በአምስቱ የቀኝ እጅ ጣቶች ስንይዝ ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት በጥቁር ቁልፎች ላይ ያርፋሉ። ትንሿ ጣት አጭር ስለሆነች ጥቁሩን ለመድረስ እጅ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መካከለኛውና የቀለበት ጣትም ፋንና ሶልን የሚጫኑት በጥቁሮቹ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ነው። ትዝታ በፍላት ሲሆን፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ሲሆንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በዚህ ላይ ዘፋኝን የሚያጅብ ሰው ቅኝቱን ለድምፁ በሚስማማ መነሻ ላይ ያዛውራል እንጂ ዶ ላይ አይቆይም። ስለዚህ የእኛን ቅኝቶች የሚጫወት እጅ የቁልፉን ውስጠኛ ክፍል አዘውትሮ ይጠቀማል። የቁልፉ መወዛወዣ አጭር የሆነ መሣሪያ በጀማሪ መልመጃ ላይ ድክመቱን ላያሳይ ይችላል፤ በአምባሰል ላይ ግን ያሳያል።

መጠን፣ ክብደትና ጥቂት ምሳሌዎች

የፒያኖ ሙሉ ስፋት 88 ቁልፍ ነው። በ61 ቁልፍ ላይ የሁለት እጅ ድርሰት ማጥናት ያስቸግራል፤ ከመዶሻ ሥርዓት ጋር የሚመጡትም በአብዛኛው ባለ 88ቱ ናቸው። የመዶሻ ክንዶች ክብደት ስለሚጨምሩ እውነተኛ የመዶሻ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ከ10 ኪሎ ግራም እምብዛም አይወርድም። አምስት ወይም ስድስት ኪሎ የሚመዝን ባለ 88 ቁልፍ መሣሪያ ቢቀርብልን ቁልፉ የሞላ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ክብደቱ ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

በመጀመሪያው እርከን ከሚገኙት መካከል ያማሃ ፒ-145 ወደ 11 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቁልፉ ደረጃ ያለው መዶሻ ሲሆን በአንድ ጊዜ 64 ድምፆችን ያሰማል። ሮላንድ ኤፍ ፒ-10 ወደ 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሆን ሦስት ሴንሰርና የመላቀቅ ስሜት ያለው ቁልፍ ተገጥሞለታል፤ 96 ድምፆችን ያሰማል። ይኸው ቁልፍ በወደ 15 ኪሎው ኤፍ ፒ-30 ኤክስ ላይ ከተሻለ ስፒከር ጋር ይገኛል። ካዋይ ኢ ኤስ 120 ከ12 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ካሲዮ ፒ ኤክስ-ኤስ1100 ወደ 11 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እርሱና ታናሹ ሲ ዲ ፒ-ኤስ110 ከመብራት በተጨማሪ በስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራሉ።

ከእነዚህ ውስጥ በቁልፉ ብቻ ብንመዝን ሦስት ሴንሰርና የመላቀቅ ስሜት ያለው ሮላንድ በዋጋ እርከኑ ውስጥ ጠንካራ ተመራጭ ነው። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት መንደር ግን ካሲዮዎቹ ሌላ ብልጫ አላቸው። በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ብዛት ፔዳል ተይዞ ረጅም ድርሰት ሲጫወቱ ይጠቅማል፤ ለጀማሪና ለመካከለኛ ተማሪ ግን 64ም ቢሆን ለመማር አያግድም። የድምፅ ዓይነቱ ዐሥር መሆኑ ወይም አምስት መቶ መሆኑ ለፒያኖ ልምምድ የሚጨምረው ነገር የለም።

ፔዳሉም መዘንጋት የለበትም። ከብዙዎቹ ጋር የሚመጣው ትንሽ የእግር ማብሪያ ክፍት ወይም ዝግ ከመሆን በቀር መካከለኛ ደረጃ አያውቅም፤ ወለል ላይም ይንሸራተታል። ግማሽ ፔዳል የሚያውቅ መሣሪያ ከሆነ ተስማሚውን ፔዳል ለብቻው መግዛት ይቻላል። ማቆሚያውን በተመለከተ፣ በኤክስ ቅርጽ ከሚታጠፈውና ከሚወዛወዘው ብረት ይልቅ የአካባቢው አናጢ የሚሠራው ጠንካራ ጠረጴዛ ይሻላል። የነጮቹ ቁልፎች ገጽ ከወለል 72 ሴንቲ ሜትር አካባቢ እንዲሆን የመሣሪያውን ውፍረት ቀንሶ ማስለካት ያስፈልጋል።

የደጋው ሁኔታ

የመንዝ ደጋ ብዙው ክፍል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በጓሳ አካባቢ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የያማሃ መመሪያዎች መሣሪያዎቻቸው ለሥራ የተረጋገጡበትን ሙቀት ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብለው ያስቀምጣሉ። ሌሊቱን በቀዘቀዘ ክፍል ያደረ መሣሪያ ጠዋት ከ5 ዲግሪ በታች ሊሆን ስለሚችል ክፍሉ ለብ እስኪል መጠበቅ ይበጃል። ከአውቶብስ ጣሪያ ላይ ወርዶ በቀጥታ እሳት ወዳለበት ቤት የገባ መሣሪያም ላብ ያወጣል፤ በውስጡ የተቋጠረው ጤዛ ሳይደርቅ ማብራት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ይጎዳል። መያዣው ሳይከፈት ለበርካታ ሰዓታት ማቆየትና ጤዛው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ አለማብራት ያስፈልጋል።

የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለመከላከል የመንዝ ባና የሚመች ልብስ ነው። ነገር ግን የበጉ ፀጉር በቁልፎቹ መካከል እንዳይገባ መጀመሪያ ቁልፎቹን በጥጥ ጨርቅ ሸፍኖ ባናውን ከላይ ማልበስ ይገባል። ከቅዝቃዜ ይልቅ ቀስ በቀስ የሚጎዳው የምድጃ ጢስና የበጋ አቧራ ነው። በቁልፉ ሥር ያለው የላስቲክ መነካኪያ ሲቆሽሽ አንድ ቁልፍ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይታሰብ ይጮኻል። መሣሪያው ከምድጃው ክፍል ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ኃይልን በተመለከተ፣ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ መሣሪያ አዳፕተሩ ለ100 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ቮልት ከ100 እስከ 240 የሚል መሆኑን ማንበብ ግድ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ የፀሐይ ኃይል ባትሪ ያለው ሰው በቀጥታ ለማገናኘት ይፈተናል። ይህ አደጋ አለው። «12 ቮልት» የሚባለው ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ይደርሳል፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጡም ከመሣሪያው መሰኪያ ጋር ላይገጥም ይችላል። ቮልቱን የሚያረጋጋ መሣሪያ በመካከል ማስገባት ወይም በኢንቨርተር በኩል በራሱ አዳፕተር መጠቀም ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት የሚደረጉ ፈተናዎች

ሻጩ መሣሪያውን አብርቶ የተዘጋጀ ሙዚቃ ቢያሰማ ስለ ስፒከሩ እንጂ ስለ ቁልፉ አልተናገረም። ገዥው የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ቢያደርግ የተሻለ ፍርድ ይሰጣል።

አንደኛ፣ መሣሪያው ጠፍቶ እያለ ቁልፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እየነካ ክብደታቸው ቀስ በቀስ መቅለሉን ይመርምር፤ ወደ ጎን የሚነቃነቅ ወይም ከጎረቤቱ ዝቅ ያለ ቁልፍ ካለ ይለይ። ሁለተኛ፣ አሁንም ሳያበራ አንድ ነጭ ቁልፍ መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ቀጥሎ ጥቁሮቹ መካከል ገብቶ ይጫን፤ ልዩነቱ እጅን የሚያስጨንቅ ከሆነ ከላይ የተገለጸው አጭር መወዛወዣ ነው። ሦስተኛ፣ አብርቶ አንድን ድምፅ በሁለት ጣት እያፈራረቀ በፍጥነት ይደጋግም፤ የሚጠፋ ምት ካለ ይቁጠር። አራተኛ፣ ድምፁን በራሱ ጣት እጅግ ለስላሳ አድርጎ አምስቱን የአምባሰል ድምፆች ይጫወት፤ አንዱ ሳይሰማ ቢቀር ወይም ከሌሎቹ ጎልቶ ቢወጣ ቁልፉ እኩል አይደለም። አምስተኛ፣ ድምፁን ዘግቶ በኃይል ይጫወት፤ ቁልፎቹ ወለሉን ሲመቱ የሚያሰሙት ድምፅ ጎረቤትን የሚያውክ መሆኑን ያዳምጥ፤ የማዳመጫ ገመድ ይህን አያጠፋውም።

ያገለገለ መሣሪያ ሲሆን ስድስተኛ ፈተና ይጨመራል፦ 88ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በተመሳሳይ ጉልበት መንካት። በመካከለኛው ክፍል ብዙ የተመቱት ቁልፎች ቀድመው ስለሚያልቁ ፍተሻው እዚያ ላይ ይበርታ። የሚጮኸው ቁልፍ አንድ ብቻ ከሆነ መነካኪያውን በማጽዳት ሊድን ይችላል። ብዙ ከሆኑ ግን ለአካባቢው መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ስለሆነ መተው ይሻላል።

ማጠቃለያ

ለአንድ የሙዚቃ መምህር ወይም ተማሪ ይህ ግዢ በብዙ ዓመት አንዴ የሚደረግ ነው፤ የተሳሳተ መሣሪያ የገዛ ሰው ሌላ ለመግዛት ገንዘቡን እስኪያጠራቅም ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ጣቱ የሚሠለጥንበት ዋናው ጊዜ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ መሆን አለበት። መጀመሪያ 88 ቁልፍና በክብደት የሚመለስ እውነተኛ መዶሻ፤ ቀጥሎ ጥሩ ድግግሞሽና በጥቁሮቹ መካከል የማያስጨንቅ ንክኪ፤ ከዚያ ለአካባቢው የሚስማማ የኃይል ምንጭና በመኪናም በሸክምም የሚጓዝ ክብደት፤ በመጨረሻ ስፒከሩና የድምፁ ዓይነት። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የሚቀነሰው ከመጨረሻው ነው።

ኪቦርድ ላይ ለባንድ የሚጫወት ወይም ዘፋኝ የሚያጅብ ሰው ይህን ቅደም ተከተል መከተል የለበትም፤ ለእርሱ ቀላሉ ቁልፍ ትክክለኛው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የፒያኖን እጅ በደጋው ላይ ማቆየት የሚፈልግ ግን ክብደት ያለውን ቁልፍ ይዞ ይውጣ። መሐል ሜዳ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የተለማመደው አምባሰል፣ ተጫዋቹ አዲስ አበባ ወርዶ ትልቁ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ በዚያው እጅ የሚጫወተው አምባሰል መሆን አለበት።